ስድስት ማይክሮን ዘጠኝ ሆኖ ሲነበብ፦ የአንድ ጎጃም ላቦራቶሪ የልኬት ስሕተት በፍሎረሰንት ቅንጣቶች የታወቀበት ጉዳይ

ጉዳዩ ያጋጠመው በምዕራብ ጎጃም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሆስፒታሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ እኔ በዚያ ላቦራቶሪ የጥራት ቁጥጥሩን ሥራ ይዤ ስለ ነበር፣ የምጽፈው በዐይኔ ያየሁትንና በእጄ የለካሁትን ነው። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የማይክሮስኮፑ ካሜራ በሰኔ ወር በሌላ ተተካ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበው የመጠን ቁጥር፣ ማለትም የምስሉ አንድ ነጥብ (ፒክሰል) ስንት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) እንደሚወክል የሚነግረው፣ ግን የአሮጌው ካሜራ እንደ ሆነ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምስል ላይ የለካነው ሁሉ ከእውነተኛ መጠኑ 1.44 እጥፍ ሆኖ ይነበብ ነበር። ይህን ያወቅነው በነሐሴ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የተላኩት ውጤቶች በሐኪም እጅ ገብተው መድኃኒት ታዝዞባቸዋል።

በሰገራ ምርመራ ለወትሮው ማስመሪያ የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጣና ዙሪያ ሠርቶ ያደገ ባለሙያ የቢልሃርዝያን እንቁላል በጎኑ ባለው እሾህ፣ የአስካሪስን በሻካራ ቅርፊቱ ለይቶ ያውቃል፤ ስንት ማይክሮን ነው ብሎ አይጨነቅም። ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳይክሎስፖራ የተባሉት ጥቃቅን የአንጀት ተውሳኮች ላይ ሲደረስ ግን ዐይን ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም በተሻሻለው የዚል ኔልሰን አቀላለም ቀይ ሆነው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ውሃ የመሰለ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ያመጣሉ። በዋናነት የሚለያቸው መጠናቸው ነው። የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት፣ ማለትም ከሰገራ ጋር የሚወጣው እንቁላል መሰል ክብ አካሉ፣ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ሲሆን የሳይክሎስፖራው ከ8 እስከ 10 ማይክሮን ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በዚህች ክፍተት ላይ የሚመሠረተው ውሳኔ ቀላል አይደለም። ሳይክሎስፖራ በኮትሪሞክሳዞል ይታከማል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን ይህ መድኃኒት አይነካውም። የበሽታ መከላከል ዐቅሙ የተዳከመ ሰው ክሪፕቶስፖሪዲየም ሲይዘው ዋናው መፍትሔ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናውን ማስተካከልና የጠፋውን ውሃና ማዕድን መተካት ነው። ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክርም ይለያያል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ከጥጆች ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ ጥጃ የሚያስር ልጅ እጁን እንዲታጠብ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። ሰውን የሚይዘው የሳይክሎስፖራ ዝርያ ግን የታወቀው በሰው ላይ ብቻ ነው፤ ከሰገራ ጋር ወጥቶም በደጅ ቀናትን ካልቆየ በቀር ሌላውን ሰው አይዝም፤ ስለዚህ ትኩረቱ በውሃውና በጥሬ አትክልቱ ላይ ይሆናል።

ጥርጣሬው እንዴት እንደ ተነሣ

በመዝገባችን ላይ ለውጡ በግልጽ ይታይ ነበር፤ እኛ ግን በሌላ መንገድ ተረጎምነው። ከሰኔ በፊት በየወሩ የሚገኘው ክሪፕቶስፖሪዲየም ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ በምትኩ እምብዛም የማናየው ሳይክሎስፖራ በተከታታይ ይመዘገብ ጀመር። ሳይክሎስፖራ በዝናብ ወራት እንደሚበዛ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ክረምቱ ስለ ገባ ነው ብለን ተቀበልነው። እንዲህ ያለ አሳማኝ ምክንያት ከግልጽ ስሕተት የበለጠ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ግልጽ ስሕተት ጥያቄ ያስነሣል፣ አሳማኝ ምክንያት ግን ጥያቄውን ሳይወለድ ያስቀረዋል።

ጥያቄውን ያነሡት በላቦራቶሪው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ባለሙያ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀለምሁትን ስላይድ ረጅም ጊዜ ተመልክተው ቀና አሉና፣ «አንተ፣ ይህ ሳይክሎስፖራ ከሆነ ምነው ሁሉም እኩል ቀላ?» አሉኝ። የሳይክሎስፖራ ኦኦሲስት ቀለሙን እኩል አይቀበልም፤ በአንድ ስላይድ ላይ አንዱ ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ፈዛዛ ሮዝ፣ ሌላው ደግሞ ቀለም ያልነካው ባዶ ክብ ሆኖ ይታያል። በእኛ ስላይድ ላይ ግን ሁሉም አንድ ዐይነት ቀይ ነበሩ። ቀጥለውም ካልተቀለመው ናሙና እርጥብ ስላይድ አሠርተውኝ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በምንጠቀምበት የኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን አየነው። ሳይክሎስፖራ ምንም ሳይቀለም በራሱ ያበራል፤ በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ፣ በሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ደከም ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ክሪፕቶስፖሪዲየም እንዲህ አያበራም። ያየነው ጨለማ ብቻ ነበር።

«የለካኸው ስንት ነው?» አሉኝ። 7.9 ማይክሮን ነበር። ለክሪፕቶስፖሪዲየም የሚበዛ፣ ለሳይክሎስፖራም ጥቂት የሚያንስ ቁጥር ነው፤ ወደ ሳይክሎስፖራ ስለሚቀርብ እንዲያ ብለን ጽፈነዋል። «እንግዲያስ መለኪያውን ራሱን እንለካው» አሉ።

ቅንጣቶቹ ምንድን ናቸው?

በማቀዝቀዣው በር ላይ በአሉሚኒየም ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ነበሩን። በላቦራቶሪ ልማድ ቢድ የምንላቸው ናቸው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ቅንጣት እላቸዋለሁ። ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ፍጹም ክብ የሆኑ፣ በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ኳሶች ናቸው። የአንደኛው ብልቃጥ ቅንጣቶች 6.0፣ የሁለተኛው 10.0 ማይክሮን ዲያሜትር አላቸው። የሚያበራው ቀለም ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ፕላስቲኩ በማሟሟያ አብጦ ሳለ ወደ ውስጡ የገባ ስለ ሆነ፣ ቅንጣቱ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ አይታጠብም። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ለብርሃን ተጋልጠው ከቆዩ ይደበዝዛሉ፤ በረዶ ከሠሩ ደግሞ ተጣብቀው ይበላሻሉ። በበሩ ላይ እንጂ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ የማናስቀምጣቸውም ስለዚህ ነው።

በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በብልቃጡ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የተጠጋጋ የስም መጠን ነው። በዚያ የምርት ዙር የተለካው አማካይ ዲያሜትር የሚገኘው በወረቀቱ ላይ ነው። እዚያም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል፦ አንዱ አማካዩ ምን ያህል የታመነ እንደ ሆነ፣ ሌላው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይናገራል። እነዚህን የሚያምታታ ሰው አንዲት ቅንጣት ለክቶ መሣሪያውን ሊኮንን ይችላል።

እኩል መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች መሥራት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የዶው ኬሚካል ኩባንያ በ1947 እ.ኤ.አ. የሠራው አንድ የፖሊስታይሪን ላቴክስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ቅንጣቶቹ በሚያስገርም ሁኔታ እኩል ሆነው ተገኙ፤ ለመለኪያነት መዋል የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው። እነዚያ ግን ከአንድ ማይክሮን በታች የሆኑ ደቃቆች ነበሩ። ትልልቆቹ በሚያድጉበት ጊዜ በክብደታቸው ስለሚንሳፈፉ ወይም ስለሚዘቅጡ እኩል አድርጎ ማሳደግ አስቸጋሪ ነበር። ጆን ቫንደርሆፍ የተባለው ኬሚስት መፍትሔውን ክብደት በማይሰማበት ቦታ ፈለገ፤ 10 ማይክሮን የሆኑት ቅንጣቶች በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ተሠርተው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ አማካይነት ለሽያጭ ቀረቡ። በጠፈር ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ምርት እርሱ ነው። በኖርዌይ የነበረው ዮን ኡገልስታድ ግን ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ ትንንሾቹን ደረጃ በደረጃ አሳብጦ በምድር ላይ ሆኖ እኩል የሆኑ ትልልቅ ቅንጣቶችን መሥራት ችሎ ነበር።

ያ የመዝቀጥ ችግር በእኛም ጠረጴዛ ላይ አለ። ፖሊስታይሪን ከውሃ የሚከብደው በአምስት ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ቢሆንም 10 ማይክሮኗ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትወርዳለች። ስለዚህ ብልቃጡ ሳይገለባበጥ ከላዩ የተቀዳ ጠብታ ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ብልቃጡን በእጅ መዳፍ መካከል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ይሻላል፤ በኃይል ሲናጥ አረፋ ይሠራል፣ አረፋውም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ ነው።

ልኬቱ

መጀመሪያ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ ስሕተቱ ግን በኋላ ጠቀመን። ለእርጥብ ስላይድ ዘወትር የምንጠቀመው ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ስለ ሆነ፣ የ6 ማይክሮኑን ጠብታ በዚያው አቀጠንሁት። ስላይዱ ላይ ሳየው ግማሾቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣብቀዋል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ የሚያደርጋቸው በላያቸው ያለው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ጨው ያን ሙል ስለሚሸፍነው ይጣበቃሉ። ትክክለኛው ማቅጠኛ የተጣራ ውሃ ከጥቂት ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጋር ነው። ሁለተኛውን ስላይድ በዚያ ሠራሁ፤ የተጣበቁበትንም አልጣልሁትም።

ተነጣጥለው የቆሙትን የ6 ማይክሮን ቅንጣቶች በ40 ኦብጀክቲቭ (40 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ)፣ በፍሎረሰንስ ብርሃን ፎቶ አንሥቼ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስለካቸው 9.6 ማይክሮን ሆኑ። በዚህ ጊዜ ልቤ ወደቀ፤ ሁለት ወር ሙሉ የጻፍሁት ቁጥር ሁሉ ስሕተት መሆኑ በፊቴ ነበርና። ወዲያው 9.6 ለ6 አካፍዬ 1.6 አገኘሁ፤ የድሮዎቹን ልኬቶች ሁሉ በ1.6 ለማካፈል ተነሣሁ። ጋሼ ግን «የአሥሩን ሳታይ?» ብለው አስቆሙኝ። የአሥር ማይክሮኑ ቅንጣት 15.4 ሆኖ ተነበበ። በ1.6 ቢሆን ኖሮ 16 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ስሕተቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ አንዱ የሚያባዛ፣ ሌላው የሚደምር።

የሚደምረው ስሕተት የመጣው ከብርሃኑ ነው። የሚያበራ ነገር ፎቶ ሲነሣ ብርሃኑ ከጠርዙ አልፎ ይፈስሳል፤ ካሜራው በራሱ የሚመርጠው የመጋለጫ ጊዜ ረጅም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህ ፍሳሽ ለትንሿም ለትልቋም ቅንጣት እኩል ይጨመራል። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት ብንወስድ ፍሳሹ ይጠፋል፦ ከ15.4 ላይ 9.6 ሲቀነስ 5.8 ነው፤ እውነተኛው ልዩነት 4 ማይክሮን ነው፤ 5.8 ለ4 ሲካፈል 1.45 ይመጣል። አንድ መጠን ያለው ቅንጣት ብቻ ቢኖረን ኖሮ በ1.6 አካፍለን ሁሉንም ነገር ከልክ በላይ እናሳንስ ነበር፤ 5 ማይክሮን የሆነው ኦኦሲስት 4.5 ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ከዚህ ጉዳይ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል፣ በአንድ ቅንጣት መጠን መሣሪያ አታስተካክሉ እላለሁ።

ወደ ተራው ብርሃን ማይክሮስኮፕ ብንመለስም ጠርዙን ማግኘት አያስተማምንም። ፖሊስታይሪን ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.59፣ የውሃ ደግሞ 1.33 ስለ ሆነ፣ የቅንጣቱ ጠርዝ ወፍራም ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ መስመሩን ከቀለበቱ ውስጥ ወይስ ከውጭ ማስቀመጥ እንዳለብን አከራከረን። በሳላይን የተጣበቁት ቅንጣቶች የጠቀሙን እዚህ ላይ ነው። ሁለት እኩል ኳሶች ሲነካኩ፣ ከአንደኛው ማዕከል እስከ ሌላኛው ማዕከል ያለው ርቀት ልክ አንድ ዲያሜትር ነው። ብርሃኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚፈስስ ማዕከሉን አያንቀሳቅሰውም፤ ስለዚህ ጠርዙ የት እንዳለ ማወቅ ጨርሶ አያስፈልግም። ስላይዱን ሩብ ሰዓት አሳርፌ ቅንጣቶቹ ከመስታወቱ ላይ እስኪተኙ ጠበቅሁ፤ ያዘነበለ ጥንድ ርቀቱን አሳጥሮ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱም በአንድ ፎከስ እኩል የጠሩትን ብቻ መረጥሁ። የ6 ማይክሮኑ ጥንድ 8.6 ሆነ። ቀጥ ብለው የተሰለፉ ሦስት ቅንጣቶች አገኘሁና ከመጀመሪያው ማዕከል እስከ መጨረሻው ለካሁ፤ 17.2፣ ለሁለት ሲካፈል እንደገና 8.6። 8.6 ለ6 ሲካፈል 1.43 ነው።

በማግስቱ ከአንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ የመለኪያ ስላይድ ተዋስን፤ አንድ ሚሊ ሜትር በመቶ የተከፈለችበት፣ እያንዳንዷ መስመር 10 ማይክሮን የሆነች መስታወት ናት። በእርሷ ላይ 100 ማይክሮን 144 ሆኖ ተነበበ። ከዚያ በኋላ የካሜራዎቹን መግለጫ ወረቀት አወጣን። የአሮጌው ካሜራ ፒክሰል 3.45 ማይክሮን ነበር፤ በ40 ኦብጀክቲቭና በ0.5 የካሜራ ማገናኛ ሌንስ፣ ማለትም በጠቅላላው 20 እጥፍ ማጉላት ስለ ሆነ ለ20 ሲካፈል፣ በምስሉ ላይ አንድ ፒክሰል 0.1725 ማይክሮን ይወክላል። የአዲሱ ፒክሰል 2.4 ነው፤ ለ20 ሲካፈል 0.12 ይሆናል። ኮምፒውተሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በ0.1725 ያሰላ ነበር። 0.1725 ለ0.12 ሲካፈል 1.4375 ነው። ሦስት መንገዶች በአንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ።

እዚህ ላይ፣ የመለኪያ ስላይድ ካለ ቅንጣቶቹ ለምን አስፈለጉ የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ለምስሉ ልኬት አለቃው የመለኪያ ስላይዷ ናት። እርሷ ግን የተጫረ መስመር እንጂ የሚያበራ ክብ አካል አይደለችም፤ ስለ ፎከሱ፣ ስለ ብርሃኑ መፍሰስና መስመር ስለሚያሰምረው ሰው እጅ አትነግረንም። ቅንጣቶቹ ኦኦሲስቱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ያልፋሉ። ፍሳሹ በተሳሳተው ንባብ አንድ ማይክሮን ያህል እንደሚጨምር የነገሩን እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል ከሚችሉት በላይ ሊጠየቁ አይገባም። ሲዲ4 የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት በሚቆጥር ዐይነት መሣሪያ ላይ ወደ ፊት የሚበተነው ብርሃን ከመጠን በተጨማሪ ብርሃን በሚሰበርበት መጠን ላይም ስለሚወሰን፣ የፕላስቲክ ቅንጣትና ነጭ የደም ሕዋስ አንድ ዐይነት ምልክት ሰጡ ማለት አንድ መጠን አላቸው ማለት አይደለም። እዚያ ቅንጣቶቹ የሚያገለግሉት መሣሪያው ትናንት እንደ ነበረው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

የተላኩት ውጤቶች

ምስሎቹን ከነፒክሰላቸው አስቀምጠናቸው ስለ ነበር እንደገና መለካት ተቻለ። የተቀለሙት ኦኦሲስቶች በተራ ብርሃን የተነሡ ስለ ሆኑ የፍሎረሰንስ ፍሳሽ አልነበረባቸውም፤ መጠናቸውን ብቻ ማስተካከል በቃ። ጋሼ የጠየቁኝ 7.9 ወደ 5.5 ወረደ። ከሰኔ ወዲህ ሳይክሎስፖራ ያልናቸው ምስሎች ሁሉ በ4 እና በ6 ማይክሮን መካከል ገቡ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም ነበሩ። የእያንዳንዱን ታካሚ የተስተካከለ ውጤት ጽፈን፣ ስሕተቱ ከላቦራቶሪው እንደ ሆነ ገልጸን ለሐኪሞቹ ሰጠን። ያለ ጥቅም ኮትሪሞክሳዞል ይወስዱ የነበሩት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ በሌላ ምክንያት መውሰድ ያለባቸው ግን እንዲቀጥሉ ሐኪሞቹ ለይተው ነገሯቸው። አዲሱን ቁጥር 0.12 በወፍራም ጽፈን በማይክሮስኮፑ አንገት ላይ ለጠፍነው። ካሜራ፣ ማገናኛ፣ ኦብጀክቲቭ ወይም ሶፍትዌር በተነካ ቁጥር፣ የሁለቱም ቅንጣቶች ልኬት በመዝገብ ሳይሰፍር የታካሚ ናሙና እንዳይለካ ወሰንን።

አንድ ነገር ግን ይቀረን ነበር። ምስሎቹን ስመለከት በሐምሌ ወር የተነሣ፣ «ምንነቱ ያልታወቀ ክብ አካል፣ ምናልባት የአበባ ዱቄት» ብዬ በራሴ እጅ የመዘገብሁት አንድ ምስል አገኘሁ። ያኔ 12.8 ማይክሮን ስለ ተነበበ ለሁለቱም ተውሳኮች አይሆንም ብዬ አልፌዋለሁ። 12.8 ለ1.4375 ሲካፈል 8.9 ነው። ምስሉን አጉልቼ ሳየው አንዱ ክብ ደማቅ ቀይ፣ አጠገቡ ያለው ፈዛዛ፣ ሦስተኛው ባዶ ነበር። በዚያ ክረምት አግኝተነው የነበረውን ብቸኛውን እውነተኛ ሳይክሎስፖራ ጥለነዋል።

ታካሚው በቆጋ መስኖ አካባቢ አትክልት የሚያለሙ ጎልማሳ ናቸው። ካርዳቸው ላይ በነበረው ስልክ ደውለን ነገሩን አስረዳናቸው፤ ተቅማጡ እየተወ እየተመለሰ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳልለቀቃቸው ነገሩን። በሦስተኛው ቀን መጡ። አዲስ ናሙና ተቀበልን፤ ጋሼ እርጥብ ስላይዱን ራሳቸው ሠሩና መስኮቱን ጋርደው ሰማያዊውን ብርሃን አበሩ። ጥቂት ፈልገው ወንበሩን ለቀቁልኝ። በጨለማው መካከል ደከም ያለ አረንጓዴ ቀለበት ይታይ ነበር፤ ለካሁት፣ የፍሳሹን ቀንሼ 8.8 ማይክሮን ሆነ።